የታረቀኝ እንቅልፍ

«ለቅሶው እንዳበቃ ሕፃኑን ይዤው እሄዳለሁ» አለች እታገኝ፣ ወደ መሪማ ጠጋ ብላ። «ወንድ ብቻውን ጨቅላ አያሳድግም።»

መሪማ የሟቿ የዲላ ጎረቤት ነች። የእታገኝ ልጅ አመለወርቅ በወሊድ ከሞተች ወዲህ፣ ሕፃኑን ከራሷ ልጅ ጋር የምታጠባው እሷ ነች።

ሠልስቱ ገና አልወጣም። ባልየው ታረቀኝ ግን ግድግዳ እንደተደገፈ እንቅልፍ ወስዶታል። እታገኝ አየችውና ከንፈሯን ነከሰች።

ባለፈው ሐምሌ፣ ለጃንሆይ ልደት፣ አመለወርቅ እናቷን ልትጠይቅ አዲስ አበባ መጥታ ነበር። «ያረገዝኩት እኔ፣ የሚያቅለሸልሸው እሱን» ብላ ሳቀች። «ቆጮ በልቶ ያደገ ሰው ቆጮ ሸተተኝ ይላል። ሆዱም ከእኔ ቀድሞ ገፋ። እንቅልፉ ብቻ ያው ነው፤ ቤት ቢቃጠል አይነቃም።» እታገኝ አልሳቀችም። ልጇ ዲላ ወርዳ የቡና ጆንያ ተሸካሚ ማግባቷን ይቅር አላለችም ነበር። አመለወርቅ የእናቷ ፊት ሲጠቁር ይብስ የምትስቅ ልጅ ነበረች።

ከኮንጋ የመጡ የታረቀኝ ዘመዶች ደረታቸውን እየመቱ ገቡ። ቤቱ በጩኸት ተናወጠ፤ አግዳሚ ወንበር ተገልብጦ ወደቀ። ታረቀኝ አልተንቀሳቀሰም።

ለቅሶው ጋብ ካለ በኋላ ግን ድንገት ዓይኑን ገልጦ ተነሣና ሕፃኑ ወደተኛበት ጓዳ ገባ። እታገኝ ተከተለችው፤ መሪማም ከኋላዋ።

ሕፃኑ አላለቀሰም። ገና ከንፈሩን እያንቀሳቀሰ ነበር። ታረቀኝ ገመድ ባሻከረው መዳፉ አንገቱን ደግፎ አነሣውና ሸሚዙን ከፍቶ ራቁት ደረቱ ላይ አስተኛው።

«በምን ሰማኸው?» አለች እታገኝ።

ታረቀኝ ሕፃኑን በሸሚዙ ሸፈነው። «አላውቅም እማማ። ደረቴ ቀድሞ ይነቃል፤ እኔ ተከትዬው እነሣለሁ።»

«ልጁ ከተወለደ ጀምሮ እንዲህ ነው» አለች መሪማ። «የእኔ ጡት ሳያጋት እሱ ልጁን ይዞ ደጄ ላይ ደርሷል።»

እታገኝ ብዙ ወልዳለች። እንዲህ ያለ ጆሮ ለእናት ብቻ የተሰጠ ይመስላት ነበር። እግዚአብሔር በወንድ አካል ውስጥም አኑሮት ኖሯል? ቤተ መቅደስ የገባች ያህል ነጠላዋን አጣፋች።

ሕፃኑ በአባቱ ደረት ላይ ጡት ይፈልግ ጀመር።

«የለኝም ልጄ» አለው ታረቀኝ፣ ቀስ ብሎ። ሚስቱ ከሞተች ወዲህ ሰው ፊት ያላለቀሰው ሰው አለቀሰ። እንባው የልጁ ግንባር ላይ ወረደ።

እታገኝ እጇን ዘረጋች። ታረቀኝ ወደ ኋላ አፈገፈገ።

«አይውሰዱብኝ» አለ።

እሷ ግን በነጠላዋ ጫፍ መጀመሪያ የልጁን ግንባር፣ ቀጥላ የአባቱን ጉንጭ ጠረገች።