ሳሪስ ደርሰናል

«ኤርፖርት ውስጥ ሰው አለኝ» ያልኩት ራሴ ነኝ። የጠየቀኝ አልነበረም።

ሐጂ ሙህዲን ባረፉ ማግስት፣ ረፋዱ ላይ ነው። ቃሊቲ፣ ከብረታ ብረት ሱቃቸው ጀርባ ባለው ግቢ ሦስት ሺህ የሚሆን ለቀስተኛ ተቀምጧል። ባለቤቴ መሰለች መቶ ሃምሳም አይሞላ ትላለች፤ እሷ የምትቆጥረው ወንበር የደረሰውን ብቻ ነው። እኔ ሃያ ስድስት ዓመት የሐጂ ሙህዲን ጎረቤት ነኝ። ሥራዬ የመኪና ድለላ ነው፤ ከአቃቂ ድልድይ እስከ ሳሪስ በእኔ አፍ ያልተሸጠ ሲኖትራክ ካለ የተሰረቀ ነው። ስለዚህ የሟች ታላቅ ወንድም ሐጂ ታጁ ቤተሰቡን ሰብስበው ሲመክሩ፣ ክርስቲያን ብሆንም፣ ውጣ ያለኝ የለም።

የሚመከረው አንድ ነገር ነበር፦ ነቢል ይጠበቅ ወይስ አይጠበቅ።

ነቢል ለሐጂ ሙህዲን አንድ ልጃቸው ነው። ዱባይ ከሄደ ዘጠኝ ዓመት አልፎታል። አባቱ ማታ ማረፋቸው ሲነገረው ያገኘው ቲኬት በማግስቱ ስምንት ሰዓት ላይ አዲስ አበባ የሚያደርሰው ነው። በእስልምና ደግሞ ሬሳ አይቆይም፤ እንደ ደንቡ ቢሆን ቀትር ላይ መቀበር ነበረባቸው።

እናቱ እትዬ ዓሊያ ሴቶቹ ካሉበት ክፍል በር ላይ ቆመው ነበር። «ፊቱን ይየው» አሉ። «ሌላ አልልም። ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ልጄ በኢሞ በደወለ ቁጥር አባቱ ስልኩን ጆሮው ላይ ነው የሚለጥፈው። ኧረ ሙህዲን፣ ከፊትህ አርገው፣ ልጁ ይይህ ስለው፣ ታዲያ በምኔ ልስማው ይለኛል። ልጄ ዘጠኝ ዓመት ያየው ጆሮ ነው።»

ሌላ ቀን ቢሆን ግቢው በሳቅ ይፈርስ ነበር።

ሐጂ ታጁ መቁጠሪያቸውን ኪሳቸው ከተቱ። «እንግዲያው እስከ ዐስር ሶላት እንጠብቃለን» አሉ። ዐስር ከቀትር በኋላ፣ አሥር ሰዓት ሊሆን ሲል የሚሰገደው ነው። «ከደረሰ እዚሁ ፊቱን አይቶ አብሮን ይቀብራል። እንደማይደርስ ካወቅሁ ደግሞ አላህ ዘንድ ወንጀሉን እኔ ወስጄ አሳድረዋለሁ፤ ነገ ጎህ ሲቀድ እንሄዳለን። ጀናዛ አንዴ ከደጅ ከወጣ ግን አይመለስም። ስለዚህ እኔ የምፈልገው እውነተኛ ሰዓት ነው። ማነው ልጁን የሚያመጣው?»

ያኔ ነው ያልኩት። «ለእኔ ይተዉት ሐጂ። ኤርፖርት ውስጥ ሰው አለኝ። ልጁ ከአውሮፕላን ሲወርድ ተቀብሎ በአሥር ደቂቃ ደጅ ያወጣልኛል።»

እትዬ ዓሊያ ሁለት እጃቸውን ዘርግተው መረቁኝ። እንዲህ ያለ ምርቃት በሕይወቴ አላገኘሁም፤ ሲመርቁኝ በእውነትም ሰው ያለኝ መሰለኝ።

ደግሞም ነበረኝ። ፈየራ የሚባል የአቃቂ ልጅ ነው፤ ኤርፖርት የሻንጣ ጋሪ ይሰበስብ ነበር። እኔ ለሰው ስናገር የኤርፖርቱ ሹም ነው እላለሁ። ጋሪ የሌለው ኤርፖርት ኤርፖርት ስለማይሆን ብዙም አልዋሸሁም።

ሰማያዊ ዲኤክሴን አስነስቼ በረርኩ። በሰባት ሰዓት ተኩል መቀበያው ደጃፍ ቆሜ ነበር። አውሮፕላኑ ስምንት ሰዓት ከአምስት ላይ አረፈ። ስምንት ከሃያ ላይ ነቢል በኢሞ ደወለ።

«ጋሽ አምባው፣ ወርጃለሁ። ኢሚግሬሽን ጋ ነኝ። ሰልፉን ይመልከቱት።»

ስልኩን አዞረልኝ። እኔ ሰልፍ አውቃለሁ። የነዳጅ ሰልፍ ላይ ሁለት ሌሊት አድሬ አውቃለሁ፣ እዚያው ተሰልፌ ከፊቴ የቆመውን መኪና አሻሽጫለሁ። ይሄ ግን ሌላ ነበር። አራት አውሮፕላን ባንድ ላይ ወርዷል። በገመድ እንደ አንጀት የተጠማዘዘ መንገድ ውስጥ ሰው እግር ከእግር ተጣብቆ ቆሟል፤ ከቤይሩት የተመለሱ ሴቶች ብርድ ልብሳቸውን እንዳቀፉ መሬት ላይ ተቀምጠው በቂጣቸው እየተንፏቀቁ ነው የሚራመዱት። አንድ ሕፃን ያለቅሳል፣ ያቆማል፣ ያየውን ያይና እንደገና ይጀምራል። አሥር ሺህ ሰው ነው። ሁለት ሺህ በሉት፣ መሰለች እንዳትሰማ።

«ስንት ሰው አለ ከፊትህ?»

«መቶ አይሞላም። ግን አይነቃነቅም።» ድምፁን ዝቅ አደረገ። «እማዬ ሰው አለው ብላኛለች።»

«አለኝ እንጂ። ባለህበት ቁም።»

ባለበት ቆመ። እስከ ዘጠኝ ሰዓት ሩብ ጉዳይ ቆሞ ከፊቱ ሠላሳ ሰው ብቻ ቀረ። አሁን ሳስበው፣ ዝም ብዬ ቢሆን ዘጠኝ ሰዓት ላይ ይወጣ ነበር፤ ዐስር ሳይሰገድም ቃሊቲ ነበርን። እኔ ግን ሰው አለኝ ብያለሁ። ሰው አለኝ ያለ ሰው እጁን አጣጥፎ መኪና ተደግፎ አይቆምም። ፈየራ ጋ ደወልኩ።

«አቤት ጋሽ አምባው።»

«የት ነህ አንተ? ደጃፍ ላይ ነኝ እኮ።»

«የምን ደጃፍ? እኔ ቂሊንጦ ነኝ።»

«ምን ትሠራለህ ቂሊንጦ?»

«መጋዘን ጥበቃ ነኛ። ሁለት ዓመት ሆነኝ። ረሱት እንዴ፣ ዋስ የሆኑኝ እርስዎ ነዎት።»

እውነቱን ነው። በእጄ ፈርሜያለሁ። በዋስትና ያስቀጠርኩት ሰው አራት መቶ ይሆናል፣ ሁሉን አላስታውስም።

«እሺ ተወው። ውስጥ ሰልፉ በየት በኩል ነው የሚያጥረው?»

«በእኔ ጊዜ በግራ በኩል ጥጉ ላይ አንዲት መስኮት ነበረች። ሁሌ ባዶ ናት።»

ወዲያው ነቢል ጋ። «ተነጋግሬልሃለሁ። ገመዱን አልፈህ በግራ ወዳለው ጥግ ሂድ። ይጠብቁሃል።»

«እርግጠኛ ነዎት ጋሽ አምባው? ሠላሳ ሰው ነው የቀረኝ።»

«ልጄ፣ እኔ አምባው ነኝ።»

ሄደ። ከኋላው ለነበረች ሴትዮ ቦታዬን ያዢልኝ ብሏት ሄደ። ግራው ጥግ ላይ ያለችው መስኮት የዲፕሎማትና የበረራ ሠራተኞች ነበረች። ዝም ብሎ ሃያ ደቂቃ ቆመ፤ ይጠብቁሃል ተብሏላ። በኋላ አንድ ባለ ዩኒፎርም መጥቶ በትሕትና፣ ወንድሜ፣ ወደ ሰልፍህ ተመለስ አለው። ሲመለስ ሴትዮዋ ማኅተሟን አስመትታ ወጥታለች። አምስተኛው አውሮፕላንም አርፏል። ቦታ ያዥ የሌለው ሰው የሚሄደው ጭራው ላይ ነው።

ዘጠኝ ሰዓት ከሃያ ላይ ይሄንን ሲነግረኝ አልጮኸም። «ጋሽ አምባው፣ አሁን ከፊቴ ያለውን መቁጠር አልችልም» ብቻ ነው ያለኝ።

ስልኩን ሳልዘጋ ሌላ ጥሪ ገባ። ሐጂ ታጁ ናቸው።

«አምባው። የት ናችሁ?»

እዚህ ላይ ነገሩን ላስረዳ። በእኛ ሰፈር ሰው በስልክ የት ነህ ሲባል ያለበትን ቦታ አይናገርም። ካልሲውን እየፈለገ ያለ ሰው፣ ታክሲ ይዣለሁ ይላል። ገና ጎተራን ያላለፈ፣ ሳሪስ ደርሻለሁ ይላል። ሰሚውም ያውቃል። ሳሪስ ካለኝ ጎተራ ነው፣ ጎተራ ካለኝ አልተነሳም ብሎ ቀንሶ ነው የሚሰማው። ማንም ማንንም አያታልልም፤ አንዱ ይጨምራል፣ ሌላው ይቀንሳል፣ ሁላችንም በሰዓታችን እንገናኛለን። ሃምሳ ሁለት ዓመት የኖርኩት በዚህ ነው።

«ሳሪስ ደርሰናል፣ ሐጂ» አልኩ።

«አልሐምዱሊላህ» አሉና ዘጉት።

ሐጂ ታጁ ያን ቀን አልቀነሱም። ሬሳ ቤቱ ላስቀመጠ ሰው ማን ይዋሻል ብሎ ይቀንሳል?

አሥር ሰዓት ሩብ ጉዳይ ላይ መሰለች ደወለች።

«አንተ፣ ጀናዛው ወጣ እኮ።»

«የት ወጣ?»

«ከደጅ ነዋ። ሳሪስ ደርሰዋል፣ መስጂድ ይደርስብናል ተብሎ።»

«ማን አለ?»

«አንተ ነህ አሉ። ከጀርባህ የሚሰማኝ የሻንጣ ጎማ ነው። እውነት ሳሪስ ናችሁ?»

«መንገዱ ተዘጋግቶ…»

«አምባው፣ እኔ መሰለች ነኝ።»

ነገርኳት። በሃያ አራት ዓመት ትዳር ውስጥ እንደዚያ ባጭሩ የነገርኳት ነገር የለም።

«ደውልና ንገራቸው» አለች። «አሁኑኑ። እኔ ወንዶቹ መሀል መስጂድ ገብቼ አልነግራቸውም።»

ደወልኩ። ስልካቸው ዝግ ነው፤ ሶላት ገብተዋል። ዘጠኝ ጊዜ ደወልኩ። ይሄን ቁጥር አልጨመርኩበትም፣ ስልኬ ላይ አለ።

ከሶላት ሲወጡ ራሳቸው ደወሉ። «ሕዝቡ ቆሟል፣ አምባው። ሳሪስ ካልከኝ ሃምሳ ደቂቃ አለፈ። ከሳሪስ ቃሊቲ በእግርስ ስንት ነው?»

አሁን ንገር አልኩት ራሴን። ልጁ ገና ውስጥ ነው በል፣ እኔ ነኝ ከቦታው ያስነሳሁት በል። አፌን ከፈትኩ። የወጣው ግን ሌላ ነው።

«አቦ ጋ ተሳቢ ተገልብጦ መንገዱን ዘግቶታል፣ ሐጂ። ሁለት ተሳቢ ነው።»

አንድ አልበቃኝም።

በረጅሙ ተነፈሱ። «ይሁን እንግዲህ። መቃብሩ ጋ ያግኘን። ቀስ እያልን እንሄዳለን» አሉ።

የቀረውን መሰለች፣ ከሴቶቹ ጋር ግቢው ሆና ከቀባሪዎቹ እየሰማች፣ ደውላ ነግራኛለች። ቀስ ብለው ሄዱ። የሐጂ ሙህዲንን ሬሳ ጉድጓዱ አፍ ላይ አስቀምጠው፣ የተጠቀለሉበትን ከፈን ከፊታቸው ገለጥ አድርገው ቆሙ። ሰው ሁሉ መንገድ መንገዱን ያያል። ሰማያዊ ዲኤክስ ባለፈ ቁጥር፣ እነሱ ናቸው፣ ይላሉ። ቃሊቲ ውስጥ ስንት ሰማያዊ ዲኤክስ እንዳለ እኔ አውቃለሁ፤ ግማሹን የሸጥኩት እኔ ነኝ። ግማሽ ሰዓት ጠበቁ። ከዚያ በዱከም በኩል ዝናብ መጣ። ሐጂ ታጁ ከፈኑን በገዛ እጃቸው መለሱት።

ነቢል አሥራ አንድ ሰዓት ተኩል ላይ ወጣ። ሻንጣ አልነበረውም፤ ትከሻው ላይ አንድ ቦርሳ፣ እጁ ላይ ፓስፖርቱ። ስልኩ ባትሪ ጨርሶ ከሞተ አንድ ሰዓት ሆኖታል፤ ስለዚህ ምንም አልሰማም። አቀፈኝ። እኔ ነኝ ማቀፍ የነበረብኝ፣ ቀደመኝ።

«ጠበቁኝ?»

«ግባ፣ ግባ» አልኩት።

መንገድ ላይ ብዙ አወራ። ሰልፍ ውስጥ ሦስት ሰዓት ዝም ያለ ሰው እንደዚያ ነው። «ጺሙ ሁሉ ነጭ ሆኗል ብላኛለች እማዬ። እውነት ነው?»

«ጥጥ ነው የሚመስለው።»

«እዚህ ጋ» አለ ጉንጩን ነክቶ፣ «ጠባሳ ነበረችው። የቆርቆሮ። ልጅ ሆኜ እሷን ስሜ ነበር የምተኛው። አሁን ትታያለች፣ ጺሙ ሸፍኗታል?»

አላስታወስኩም። ሃያ ስድስት ዓመት ፊት ለፊት ተያይተናል፤ ሐጂ ሙህዲን ጠባሳ እንዳላቸው አላውቅም። «ትታያለች» አልኩት።

«ጆሮውን ግን ከሺህ ሰው መሀል እለየዋለሁ» አለና ፈገግ አለ። ቀጥሎ ፊቱን ወደ መስኮቱ አዞረ።

ጎተራን አለፍን። መንገዱ ክፍት ነበር። እንደዚያ ክፍት ሆኖ አይቼው አላውቅም፤ መብራቶቹ ሁሉ አረንጓዴ ሆነው ጠበቁን። ስልኬ ሲጮህ ሳሪስ ገበያው ጋ ነበርን፤ ሰው ከሥራ ተመልሶ ታክሲ ይጋፋል።

«አምባው» አሉ ሐጂ ታጁ። ድምፃቸው ደክሟል። «አሁንስ የት ደረሳችሁ?»

ዙሪያዬን አየሁ። «ሳሪስ» አልኩ።

ሲቀንሱ ተሰማኝ። አሁን ቀነሱ፣ አሁን እውነቴን ስናገር።

«እኛ ቀብረን ተመልሰናል። መሰለች ሁሉንም ነግራናለች» አሉ። «ቀስ ብላችሁ ኑ።»

ስልኩን ኪሴ ከተትኩ። ነቢል እያየኝ ነበር።

«አጎቴ ነው? ምን አለ?»

ከሳሪስ ቃሊቲ አሥር ደቂቃ ነው። አሥር ደቂቃ ብቻ።

«እየጠበቁህ ነው» አልኩት።

ቀና ብሎ ተቀመጠ። መስታወቱን ወደ ራሱ አዙሮ ፊቱን በመዳፉ ጠረገ፣ ኮሌታውን አስተካከለ። «ፈጠን ይበሉ እንጂ ጋሽ አምባው» አለኝ።

ነዳጁን ረገጥኩ። ቀስ ብሄድ ይጠረጥር ነበር።