በዊጉ የተቀመጠች ተከራይ

ጡረታ የወጡት ዳኛ ኮቢና ኤሽሁን ከችሎት ጸሐፊነት ተነሥተው እስከ ከፍተኛው ፍርድ ቤት በዘለቁበት ዘመን ሁሉ አንድም ቀጠሮ አሳልፈው አያውቁም። ሥዕላቸው በኬፕ ኮስት ከተማ ችሎት ግድግዳ ላይ ሊሰቀል በታሰበበት ቀን ማለዳ ግን የዊጋቸው ሣጥን ክዳኑ ተከፍቶ አገኙት። ዳኞች በችሎት በሚደፉት፣ ከፈረስ ጭራ በተሠራው ዊግ ውስጥ የታላቅ እኅታቸው ዶሮ ዕንቁላል ታቅፋለች።

«እትዬ ኤኩዋ፣ ዶሮሽን አንሺልኝ።»

«የታቀፈች ዶሮ አትነሣም» አሉ እኅታቸው ዓሣ እያጠቡ። «ደግሞስ አንተው አይደለህ የፈረድክላት?»

«እኔ? መቼ?»

«ያችን ዓሣ ሻጭ ባልቴት አከራይዋ ሊያስወጣት ሲል ነዋ። ‹በሰላም የገባችን የልጆች እናት ከቤቷ ማስለቀቅ ክልክል ነው› አላልክም? በየገናው እያነበብክ ጆሯችንን አደንቁረኸዋል።»

 የዳኛውን ስም ያስጠራው ያ ፍርድ ነበር። ዊግ ሳይደፋ የመጣ ዳኛ ሥዕሉ እንዳይሰቀል የደነገጉትም ራሳቸው ናቸው። ሥዕሉን ደግሞ ጡረታ ከወጡ ጀምሮ ሲጠብቁት ኖረዋል።

ወንበር አስወጥተው በግቢው ተሰየሙ። እትዬ ኤኩዋ ለዶሮዋ ጥብቅና ቆሙ።

«ተከሳሽ፣ የምትናገሪው አለሽ?»

ዶሮዋ አንድ ዓይኗን ጨፈነች።

«ያለመናገር መብቷን ተጠቅማለች» አሉ ጠበቃዋ።

ዳኛው ብዙ ካሰቡ በኋላ በየኑ፦ «ፍርዱ ተከራይን ከቤት ማስወጣትን ይከለክላል። ቤቱ ተከራዩን ይዞ እንዳይሄድ ግን አይከለክልም።»

«ይህችን ብልሃት ለባልቴቷ አከራይ ስላልነገርከው ተመስገን ነው» አሉ እኅታቸው።

ዊጉን ከነዶሮዋ ደፍተው ወጡ። እኅታቸው ጃንጥላ ያዙላቸው። በባሕሩ ዳር መረብ የሚጠግን አንድ ዓሣ አጥማጅ ቀና ብሎ፣ «ክቡርነትዎ፣ አንዷን ዕንቁላል አይሸጡልኝም?» አላቸው።

«ጉዳዩ በፍርድ ሂደት ላይ ነው» ብለው አለፉ።

በችሎቱ የተሰየሙት ቀድሞ ደቀ መዝሙራቸው የነበሩት ሴት ዳኛ፣ አባ ብሩ ነበሩ። ከታዳሚው አንድም የሣቀ የለም፤ ዳኛ ኤሽሁን በዘመናቸው በችሎት የሣቀን ሁሉ ያስሩ ነበርና። ደፉ ላይ ሲደርሱ ግን እግራቸው ተያዘ። ወደ ችሎት የሚገባ ሁሉ ወገቡን ሰብሮ እጅ ይነሣል፤ ይህን የዘነጋ ጠበቃ እንኳ አስረው ያውቃሉ። አሁን ዝቅ ቢሉ ዕንቁላሎቹ ይፈጠፈጣሉ።

ነጭ ጨርቅ የለበሰው ሥዕል ከፊታቸው ይታያል። ቀጥ ብለው ቆሙ።

«ክቡር ዳኛ፣ እጅ አልነሡም» አሉ ዳኛዋ።

«አልነሣም፣ ክብርት ሆይ። ሥዕሉ ይቅርብኝ።»

ዳኛዋ ዶሮዋን ተመለከቱ፤ ዶሮዋም ዳኛዋን።

«ሥዕሉ አይቀርም። ጫጩቶቹ እስኪፈለፈሉ ድረስ ተቀጥሯል።»

ቀጠሮ የማያሳልፉት ዳኛ ኤሽሁን አንገታቸውን ሳያዘነብሉ ከችሎቱ በረንዳ ላይ ተቀምጠው መጠበቅ ጀመሩ። እትዬ ኤኩዋ ኬንኬ የተባለውን የበቆሎ ሙልሙልና የተጠበሰ ዓሣ ይዘው መጡ። ከኬንኬው ቆረሱና እጃቸውን ወደ ላይ፣ ወደ ዊጉ ዘረጉ። ዳኛው አፋቸውን ከፍተው ተራቸውን ጠበቁ።