መልስ ያላገኙት አርባ ሦስት ደብዳቤዎች

የጠፉ ሰዎችን በሚያፈላልገው ቢሮ፣ ሁለተኛ ፎቅ ላይ፣ ከደረጃው ቀጥሎ ባለው ክፍል አንዲት ሴት አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ ደብዳቤ ስትቀበል ኖራለች። ባልደረቦቿ «መዝገቤ» ይሏታል፤ አንዴ ያነበበችውን አትረሳማ። «ግራ ጆሮው ሥር ጠባሳ ያለበት» ካሏት የማን ወንድም እንደሆነና ከመቼ ጀምሮ እንደሚፈለግ ወዲያው ትነግራቸዋለች።

ሥራ የጀመረች ሰሞን፣ ከእሷ በፊት የነበረው ጸሐፊ ደብዳቤዎቹን ብረት ሣጥን ውስጥ እየከተተ ቆልፎባቸው ነበር ያገኘቻቸው። ጭራሽ ያልተከፈቱም ነበሩባቸው። አንድ አባት ስለ ልጃቸው ሦስት ጊዜ ጽፈዋል፤ አራተኛው ደብዳቤ ግን ከሌላ ሰው የመጣ ነው፤ «አባታችን ስላረፉ ፍለጋው ይቁም» ይላል። ያን ቀን ለራሷ ማለች፤ ከእንግዲህ የሰው ደብዳቤ ከዓይኗ ላይርቅ። ስለዚህ ዘመኑ የኢሜይል ሲሆን የመጣውን ሁሉ ኢንቦክሱ ውስጥ እንዳለ ተወችው። ስድስት ሺህ ደብዳቤ፣ ከነፎቶው።

በየሦስት ወሩ የሚመጣው የኮምፒውተር ባለሙያ ይህን ባየ ቁጥር ራሱን ይነቀንቃል።

«እትዬ፣ ይሄ ኢንቦክስ ከልክ በላይ ሞልቷል። ለእርስዎ ብዙ ደብዳቤ ነው፤ ለማሽኑ ግን አንድ ፋይል ነው፤ አንዱ ከሌላው ተቀጥሎ የተጻፈ። መሐሉ ከተበላሸ ሌላውም አብሮ ይዘበራረቃል። በየዓመቱ ፎልደር እንክፈትለትና የቆየውን እናዛውረው።»

«ፎልደር ከገባማ ተቀበረ አይደል?»

«ኧረ ማን ይቀብረዋል! ይዛወር አልኩ እንጂ ይጥፋ አላልኩም። ሳይርቅ በቅርብ፣ ሳይደርቅ በእርጥብ ይባል የለ?»

«እሺ፣ በሚቀጥለው ስትመጣ።»

«ባለፈውም እንደዚሁ ነበር ያሉኝ።»

«አቤት፣ አንተም መዝገብ ሆንክብኝ!» አለችና ሳቀች። እሱም ሳቀ፤ ቦርሳውን አንግቶ ሄደ።

አንድ ረቡዕ ረፋድ ላይ የኢሜይሉ ፕሮግራም ቦታ ለማስለቀቅ ኢንቦክሱን ላስተካክል ወይ ብሎ ጠየቀ። እንደወትሮዋ ሳታነብ «እሺ» የሚለውን ተጫነች። ሥራውን ሳይጨርስ መብራት እልም አለ።

መብራቱ ተመልሶ ኢንቦክሱን ስትከፍት ክው አለች። የላኪዎቹ ስም ያለበት ቦታ ባዶ ነው። አንዱን ደብዳቤ ከፈተች፤ «ታናሽ ወንድሜን እፈልጋለሁ» ብሎ ይጀምርና መሐል ላይ «ቀይ ሹራብ ለብሳ ነበር፣ ስትስቅ አፏን በእጇ ትሸፍናለች» ይላል። የሁለት ቤተሰብ ሐዘን አንድ ገጽ ላይ ተሰፍቷል። ለባለሙያው ደወለች።

«ምንም አይንኩ!» አላት። «ኢንተርኔቱን ይንቀሉት፤ አዲስ ደብዳቤ እላዩ ላይ እንዳይጻፍበት። መጣሁ።»

የተበላሸውን ፋይል ገልብጦ፣ ግልባጩ ላይ ሁለት ቀን ለፋ። ሁለቱንም ቀን አጠገቡ ተቀመጠች፤ ምሳ እንኳ አልወረደችም። ዓርብ ከሰዓት ወንበሩን ወደ እሷ አዞረ።

«የቆየው ከባክአፑ፣ ከመጠባበቂያ ግልባጩ ተገኝቷል። የመጨረሻዎቹ ሰባት ወራት ግን የሉም።»

«ለምን ሰባት ወር?»

«ፋይሉ ሲገዝፍ የባክአፑ ዲስክ አልችል ብሎ ያኔ ቆሟል። እኔም ከዚያ ወዲህ ሁለት ጊዜ ስመጣ ከፍቼ አላየሁትም። ጥፋቱ የእርስዎ ብቻ አይደለም።»

ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ፣ አለች በልቧ።

የገቢ ደብዳቤ ቁጥር ብቻ ከሚመዘገብበት ደብተር እንደታየው፣ የጠፉት ሦስት መቶ ሰማንያ ስድስት ደብዳቤዎች ናቸው። እሷ የላከቻቸው መልሶች ሌላ ፎልደር ውስጥ ስለነበሩ ተርፈዋል፤ ከእነሱ የሦስት መቶ አርባ ሦስት ሰው አድራሻ ተለቀመ። የቀሩት አርባ ሦስቱ መልስ ያልጻፈችላቸው ናቸው። ንቃቸው አልነበረም፤ እነሱ ከሁሉም የከበዱት ነበሩ። ረጋ ብዬ፣ በደንብ አስቤ እመልስላቸዋለሁ እያለች ያቆየቻቸው። ወረቀት አውጥታ ትዝ ያላትን ጻፈች፤ ጠባሳው፣ ሹራቡ፣ የሚያነክሰው እግር፣ ሁሉም መጣላት። አድራሻ ግን አንድም አልመጣላትም።

ኃላፊው ለደንበኞች የሚላከውን ማስታወቂያ አይተው ፊታቸውን አጠቆሩ።

«‹ጥፋቱ የእኔ ነው› የሚለው ይውጣ። ‹በቴክኒክ ብልሽት ምክንያት› በይው።»

«ጌታዬ፣ ማሽኑ ከመበላሸቱ በፊት ሰው ነግሮኝ ነበር» አለች። ኃላፊው ቀና ብለው አዩዋትና ወረቀቱን እንዳለ ፈረሙበት።

ብዙዎቹ እንደገና ጻፉ። አንዳንዶቹ ሰደቧት። አንዱ «አንድ ጊዜ ለመጻፍ ዓመት ፈጅቶብኛል፤ ሁለተኛ አልችልም» ብሎ ተወው።

በወሩ አንዲት ጠና ያሉ ሴት ደረጃውን እያረፉ ወጡ። ልጃቸው ከጠፋ ስድስት ዓመት ሆኖታል፤ በእህቱ ስልክ አጽፈው ከላኩ አምስት ወር አለፈ፤ መልስ ግን የለም።

«እናቴ፣ ደብዳቤዎ ደርሶኝ ነበር» አለች መዝገቤ። «ከዚያ አጠፋሁት። አስቀምጪው በተባልኩበት መንገድ ሳላስቀምጠው ቀረሁ።»

«ፎቶውም?»

«ፎቶውም።»

ሴትዮዋ ነጠላቸውን ወደ አፋቸው ሰበሰቡ። «ስልኩ ተሰብሯል። ሌላ ፎቶ የለኝም» አሉ።

መዝገቤ ኮምፒውተሩ ላይ ባዶ ገጽ ከፈተች። ሴትዮዋ ይቅር ብዬሻለሁም አላሏት፣ አልተቆጧትምም። ወንበሩን ሳቡና የልጃቸውን መልክ ከግንባሩ ጀምረው ይነግሯት ያዙ፤ እሷም አንድም ቃል ሳትዘል ጻፈች። ሲጨርሱ ከቀኑ ስምንት ሰዓት ሆኖ ነበር።

«አሁንስ የት ልታስቀምጪው ነው?»

የዓመቱን ፎልደር ከፈተችላቸው። ከዚያ ሁለት ዲስክ ላይ ገለበጠችውና አንዱን ነቅላ እንደገና ሰካችው።

«ከዚህኛው አንቢልኝ» አሉ ሴትዮዋ፤ «መኖሩን ልስማ።»

ከግልባጩ ላይ አነበበችላቸው። ሁለት ቦታ አስቁመው አሳረሟት።

ዓመቱ እስኪያልቅ ከአርባ ሦስቱ አሥራ ሰባቱ መጡ ወይም ደወሉ። ሃያ ስድስቱ የት እንዳሉ የሚያውቅ የለም። መዝገቤ ዓርብ ዓርብ ደብዳቤዎቹን ወደየፎልደራቸው ታዛውራለች፤ ትገለብጣለች፤ ከግልባጩ አንዱን ከፍታ እስከ መጨረሻው ታነባለች። ከዚያ ወዲህ ይህን ሳታደርግ ከቢሮ ወጥታ አታውቅም።