የተሳቀበት ገጽ

ደራሲው አንድ ቦታ አርፎ መቀመጥ የማይሆንለት ሰው ነበር። የጀመረውን ልብ ወለድ ከተማ ትቶ፣ የገበሬ ልጆችን ፊደል ላስቆጥር ብሎ ገጠር ወረደ። አንድ አሮጌ የእህል መጋዘን አጸዳ፣ ግድግዳውን ጥቁር ቀብቶ ሰሌዳ አደረገው፣ የንባብ መጽሐፉንም ራሱ ጻፈ። በመጀመሪያው ቀን ሠላሳ አንድ ልጆች መጡለት።

አምስተኛው ትምህርት ላይ ነገር ተበላሸ። «ገበሬው የደረሰውን ስንዴ ማለዳ ማለዳ ውሃ ያጠጣል» ብሎ ሲያነብ፣ ከኋላ የተቀመጠች አንዲት ልጅ ሳቋ አመለጣት። ሌሎቹም ተከተሏት። ደራሲው ደሙ ፈላ።

«ተነሽ፣ ውጪ» አላት። ደብተሯን ይዛ ወጣች።

በማግስቱ ልጅቷ ቀረች። አጨዳም ደርሶ ነበርና ሌሎቹ ተራ በተራ ተንጠባጠቡ፤ ሳምንቱ ሳያልቅ አራት ብቻ ቀሩት። አጨዳው ነው ብሎ ራሱን ሊያጽናና ሞከረ፤ ሆዱ ግን እምቢ አለው። እስከ በሩ ይሄዳል፣ መንገዱን ያያል፣ ይመለሳል። ጠመኔ በእጁ እየተሰባበረ አለቀ። በመጨረሻ መጽሐፉን ብብቱ ውስጥ ሸጉጦ ወደ ልጅቷ ቤት ገሰገሰ።

እናትየው ደጃፍ ላይ ስንዴ ታበጥራለች። ቀና ብላም አላየችው።

«ልጄን ያባረሯት እርስዎ ነዎት?»

«እኔ ነኝ። ይቅርታ ልጠይቃት ነው የመጣሁት።»

ልጅቷ ከበሩ ብቅ አለች።

«ምን ነበር ያሳቀሽ?» አላት።

«የደረሰ ስንዴ ማን ውሃ ያጠጣል፣ ጋሼ? ይበሰብሳል እኮ።»

መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠው በወደደ። በየቀኑ የሚመላለሰው በስንዴ ማሳ መሀል ነው፤ አንድም ቀን ቆም ብሎ አላየውም።

«ሌላስ ስህተት አለው?» አለ፣ እርሳሱን እያወጣ።

«ብዙ ነው።»

እናትየው ሰፌዱን አስቀመጠች። «እስቲ ቁጭ ይበሉና ያንብቡልን» አለችው። ሁለት ገጽ እንኳ ሳይሄድ አቋረጠችው፤ «ይቆዩ፣ ይቆዩ። ነፋስ በሌለበት ቀን ገለባው እንዴት ብሎ ከፍሬው ይለያል?» ፀሐይ እስክትጠልቅ አሥራ አንድ ገጽ ተሰረዘ።

ሰኞ ሰባት ልጆች መጡ። ልጅቷ የታረመውን ገጽ አነበበች፤ የሳቀ የለም። በእረፍት ሰዓት ተጠጋችውና፣ «ጋሼ፣ አሁንስ ደበረ። አንድ ሁለት ስህተት ይተዉልን» አለችው።

ኮስተር አለባት፤ ሐሳቡ ግን አላስቀምጥ አለው። በማግስቱ ሰሌዳው ላይ «ዶሮዋ ታለበች» ብሎ ጻፈ። «ውሸቱን ያገኘ ወጥቶ እውነቱን ይጽፋል» አላቸው። ሳቁ እስከ ማሳው ተሰማ። እኩለ ቀን ላይ ሁለት አጫጆች ማጭዳቸውን እንደያዙ በር ላይ ቆመው ያዳምጡ ነበር፤ ከትምህርት ቤት የቀሩ ልጆች ናቸው።

አጨዳው ሲያልቅ አሥራ ዘጠኝ ተመለሱ። ለቀሩት ደራሲው ቤት ለቤት ዞረ። ሲያዩት የሚደበቁ ነበሩ። አንዱ አባት ግን ፊት ለፊት፣ «ልጄን ለሥራ እፈልገዋለሁ፣ አይልፉ» አለው። ደራሲው ተሰናብቶ ወጣ፤ ሐሙስ ግን እንደገና እዚያው ደጅ ሄደ።