እንቁላል የታገደ ሰሞን

ሁለቱ አገሮች ሲጣሉ የሚደሰት ሰው ቢኖር በድንበር ከተማዋ በቡሲያ የሚኖረው ኤጌሳ ነበር። አይፈረድበትም። እግሮቹ ከልጅነቱ ጀምረው አልታዘዝ ስላሉት፣ በእጁ በሚዘውራት ባለሦስት ጎማ ብስክሌት ከኡጋንዳ ወደ ኬንያ ዕቃ እያሻገረ ልጆቹን ያሳደገ ሰው ነው። ድሮ ቀራጮቹ አካል ጉዳተኛ አስቁሞ መፈተሽ ነውር ይመስላቸው ነበር። እሱና ባልደረቦቹ ሳሙናውንም ዘይቱንም ከመቀመጫቸው ሥር አጭቀው ሲመጡ ፊታቸውን ያዞሩላቸዋል። ነጋዴውም ቀረጥ ከሚከፍል ለእነሱ ቢከፍል ይረክስለታል።

ከዚያ የጉምሩክ ኅብረት የሚሉት መጣና ቀረጡ ተነሣ። አገር ጨፈረ። ቀረጥ ከሌለ ደግሞ ማን በብስክሌት ያስጭናል? ዕቃው በጭነት መኪና እየተግተለተለ ያልፍ ጀመር፤ ባልደረቦቹ አንድ በአንድ ወደ ልመና ገቡ። ኤጌሳ ግን እጄን ለሰው አልዘረጋም ብሎ፣ ከድንበሩ በር አጠገብ ብስክሌቷን ሲወለውል ይውላል። ቤቱን ያቆመችው ቻፓቲ የሚሉትን ቂጣ እየጠበሰች የምትሸጠው ሚስቱ ናብዊሬ ነበረች።

የናብዊሬ ወንድም ሳንያ፣ ገበያ ውስጥ ጫማ ይጠግናል። ከጎኑ አንድ የጫማ ጠጋኝ መቀመጫ ሲለቀቅ ለኤጌሳ ያዘለት፤ እስከ ሰኞ ካልመጣ ግን ለሌላ እንደሚሰጠው ቁርጡን ነገረው። ኤጌሳ እሺ አለ። እሺ ባለ ማግስት፣ ማዶ ያሉት ኬንያውያን የኡጋንዳ እንቁላል እንዳይገባ አገዱ ተባለ።

"አላልኩሽም?" አለ ናብዊሬን፣ ፊቱ በርቶ። "እነዚህ ሰዎች መች ተስማምተው ያውቃሉ?"

"አንተ ሰውዬ፣ የታረቁ ለታስ?" አለችው። "መቀመጫውን አትልቀቅ። እባክህ።"

አልሰማትም። የእንቁላል ነጋዴዋ ማማ ታካ ራሷ ቤቱ ድረስ መጥታ እንቁላሌን አሻግርልኝ ብላ ስትለምነው እንዴት ይስማ? ለዓመታት የፈለገው ሰው አልነበረም። ለሳንያ፣ መቀመጫውን ለሌላ ስጠው ብሎ ላከበት፤ እንዲያውም ትንሽ ተኩራራ።

ሰኞ ጠዋት እንቁላሉን ከመቀመጫው ሥርና ከኋላው ደርድሮ፣ በአሮጌ ሸራ ሸፍኖ ወደ በሩ ዘወረ። ክንዱ ከሥራ ርቆ ሰንፏል፣ ቢሆንም ደስታው ይገፋው ነበር። በሁለቱ አገሮች በር መካከል ሲደርስ ስልኩ ጠራ። ማማ ታካ ነበረች። ባለሥልጣኖቹ ተነጋግረው እገዳው ተነሥቷልና፣ ከኋላው ለሚመጣው የጭነት መኪናዋ እንቁላሉን እዚያው እንዲያስረክብ ነገረችው። ድምጿ ውስጥ ደስታ እንጂ ክፋት አልነበረም።

መኪናው ደረሰ። ወዛደሮቹ እንቁላሉን ለቅመው ጫኑና ሄዱ። ኤጌሳ ሸራውን ታቅፎ ቀረ። ለናብዊሬ ምን ይበላት? ሳንያ ዘንድስ ሄዶ ማንን ከመቀመጫው ያስነሣል? አፈረ፤ ከማፈሩም ይልቅ ፈራ። ወደፊት እንዳይሄድ የሚያደርሰው ዕቃ የለው፣ ወደ ኋላ እንዳይመለስ ፊት የለው።

አንድ ወጣት ቀራጭ ኤጌሳ መሀል መንገድ ላይ መቆሙን አይቶ ቀረበና፣ መሰናክሉን በአክብሮት ብድግ አደረገለት።

"ይለፉ አባቴ" አለው። "ምነው አዘኑ? ደስ ይበልዎት እንጂ፤ ከእንግዲህ ማንም አያስቆምዎትም።"