ሆዴና የአዴ ውዴ ኢቲቱ

እኔ ወተት የሚባል ነገር ስጠላ! ትኩሱንም፣ ቀዝቃዛውንም። የረጋውንማ አታንሱብኝ፤ ሽታው ገና ከደጅ ሲመጣ ያጥወለውለኛል።

ታዲያ የጎባው ሐኪም ምን ቢለኝ ጥሩ ነው? «እርጎ ጠጪ!» ጉሮሮዬን ባመመኝ ቁጥር ከፋርማሲ እየገዛሁ የዋጥኩት አንቲባዮቲክ ሆዴን አበላሽቶት ነበር። ሮቤ ከተማ፣ ክፍል ውስጥ ቆሜ ሳስተምር ይጮሃል፣ ይነፋል፤ ሌላም አለ፣ ይቅር። «መድኃኒቱ ክፉዎቹን ብቻ አይደለም የገደለው፤ ምግብ የሚፈጩልሽን ደጋግ ባክቴሪያዎችም ጎድቷቸዋል። እርጎው ያግዛቸዋል፤ ገብስና ባቄላ ደግሞ ይቀልባቸዋል» አለኝ። ኤጭ! ተማሪዎቼን «ባክቴሪያ እንዳይገባ እጃችሁን ታጠቡ» ስል ኖሬ፣ አሁን እኔው በኩባያ ልጋተው?

ክፋቱ፣ እጮኛዬ ኢብሳ ይህን ለእናቱ ነገራቸው። አዴ ውዴ ከጎባ በላይ ገጠር ነው የሚኖሩት፤ ገና አላየኋቸውም ነበር። «ይዘሃት ና፣ ኢቲቱ አለኝ» አሉ። ኢቲቱ የሚሉት በታጠነ ቅል ውስጥ ቀናት የከረመ የረጋ ወተት ነው። መንገድ ላይ ኢብሳ ጨመረልኝ፦ «አደራ፣ ሸዋርጋ። እናቴ ወተቷን የመለሰ ልጇን እንደመለሰ ነው የምትቆጥረው።» እንግዲህ ወይ ወተቱን እውጣለሁ፣ ወይ ባል የለኝም።

አዴ ውዴ «አካም ጅርታ!» እያሉ አገላብጠው ሳሙኝ። ቅሉን ነቅነቅ አድርገው በትልቅ ኩባያ ቀዱልኝ። እየተንቦጫረቀ ወረደ። ላዩ ላይ የጭስ ጥቁር ነጠብጣብ፣ ከሥሩ አጓት፤ ሽታው ዝናብ የመታው ካልሲ ነው። ትንፋሼን ይዤ ጨለጥኩት። አንዱ ጓል ጉሮሮዬ ላይ ቆሞ አልወርድም አለ።

«እንዴት ነው?»

«ይጣፍጣል፣ እማማ።»

ወዳዋለች ብለው ደገሙልኝ። እሱንም ጨለጥኩና ዕንባዬ እየመጣ «ነፍስ ነው!» አልኩ። እንደገና ቅሉን ሲያነሱ ግን ኩባያዬን በመዳፌ ከደንኩት።

«ኧረ በፈጠረዎት! ያስጠላኛል! እግር እግር ይላል!»

ኢብሳ መሬት መሬቱን ያያል። በቃ፣ ባሌ ቀረብኝ አልኩ። አዴ ውዴ ቅሉን አስቀመጡ።

«ይሄ ልጄ ያስጠላሽ ቀንስ? እሱንም ይጣፍጣል እያልሽ ልትውጪው ነው?»

«እሱንማ እዚያው ነው የምነግረው! ይጠይቁት። አፍህ ይሸታል ብዬ ከሻይ ቤት አስነስቼዋለሁ።»

«እውነቷን ነው» አለ ኢብሳ፣ ቀና ሳይል።

እናቱ እስኪያስላቸው ሳቁ። «እንግዲያ ለእሱ የምትነግሪውን ለእኔም ንገሪኝ። የሚዋሸው እንግዳ ነው።»

ሆዴ ባባ። «እሺ፣ እማዬ» አልኩ፤ «እማማ» ማለት አስጠላኝ። «በጣም ያስጠላል።»

«ያስጠላ። ለሆድሽ ነው» ብለው ቀዱልኝ።

አፍንጫዬን ይዤ፣ ፊቴን አጨማድጄ፣ እያማረርኩ ጠጣሁት።