በማሽላው መሀል የቆመው ሰው

ዘይነባ የባሏ የአብዱልሐሊም አንድም ፎቶ አልቀራትም። የነበሩት ጥቂቶቹ በጦርነቱ ጊዜ መርሳ ያለው ቤቷ ሲዘረፍ ከነሳጥኑ ሄዱ። እሱ የሞተው ከጦርነቱ በፊት ስለሆነ እንደገና የሚነሳ ፎቶ አልነበረም።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ጎረቤቷን ዮሴፍን ልትጠይቀው ገባች። ዮሴፍ ሲሪንቃ በሚገኘው የእርሻ ምርምር ማዕከል ፎቶ አንሺ ነበር፤ ጡረታ ከወጣ ቆይቷል፣ ዓይኑም ደክሟል። አብዱልሐሊም እዚያው የማሳ ሠራተኛ ነበር።

«ጋሽ ዮሴፍ፣ ያኔ ሰዎቹን ማሽላው ውስጥ እያቆሙ ፎቶ ያነሷቸው አልነበር?» አለችው። «አብዱልሐሊም ያለበት አንድ እንኳ አይጠፋም ብዬ ነው።»

«አለ እንጂ» አለ ዮሴፍ። «መለኪያ ዘንግ ይዞ የቆመበት አለ። ልጄ ማርታ ትፈልግልሻለች።»

በዚያ ዘመን ማዕከሉ የሚያስነሳው ሁሉ በስላይድ ነበር። አውራ ጣት የምታህል ባለ ቀለም ፊልም በካርቶን ክፈፍ ገብታ በመብራት ግድግዳ ላይ ትታያለች። ሰው የሚቆመው የማሽላው ቁመት እንዲታወቅ ነው፤ የቆመው ማን እንደሆነ የሚጽፍ አልነበረም። ለሥልጠና ያልተፈለጉትን ዮሴፍ ቤቱ አስቀምጧቸዋል።

ልጁ ማርታ ስላይዷን አገኘቻት። ማርታ የኬሚስትሪ መምህርት ናት። ስላይዷን ወደ መስኮት ይዛ በስልኳ አነሳቻትና ፎቶ ቤት አሳተመቻት። የወጣው ደማቅ ሰማይ፣ የጠቆረ ማሽላና ባርኔጣ ያደረገ ጥላ ነበር። ፊት የለውም።

ዘይነባ ፎቶውን ተቀብላ አገላብጣ አየችው። «እግዜር ይስጥሽ ልጄ» አለች። ከዚያ ጠረጴዛው ላይ ተወችው።

ዘይነባ ፎቶውን ሳትወስድ በመሄዷ ማርታ አልተቀየመችም። ግን ነገሩን አልተወችውም። የአባቷ የድሮ የፎቶ ማጉያ ማሽን ዕቃ ቤት ውስጥ ነበር። ደሴ አንድ የቀለም ፎቶ ማጠቢያ ቤት ሲዘጋ የተረፈውን ወረቀትና ኬሚካል ባለቤቱ ሰጣት። ወልዲያ ደግሞ የራጅ ፊልም ማጠብ ያቆመ ክሊኒክ የቀረውን ማጠቢያ ፈሳሽ አስረከባት። የመታጠቢያ ቤቱን መስኮት በጥቁር ላስቲክ ሸፈነች፤ የበሩን ስንጥቅ በጨርቅ ደፈነች። ከስላይድ በቀጥታ ወረቀት ላይ እንዴት እንደሚታተም ከኢንተርኔት አነበበች። የቀረውን አባቷ ነገራት።

የመጀመሪያዎቹ ህትመቶች አልረቡም። ወረቀቱ ጊዜው ያለፈበት ስለነበር ሁሉ ነገር ሐምራዊ ሆኖ ወጣ። የማሽኑን የቀለም ማጣሪያ ስትለውጥ ደግሞ ማሽላው ቢጫ ሆነ። በየቅዳሜው ትንሽ ትንሽ እየቀራረበ መጣ። ሰውየው ግን ከባርኔጣው ሥር እንደጠቆረ ነበር።

«ፊቱን ለብቻው ብርሃን ጨምሪለት» አላት ዮሴፍ። «ካርቶን ብሺና በቀዳዳው አሳልፊ። ይኼ እንደ ሌላው ህትመት አይደለም፤ ብርሃን በጨመርሽ ቁጥር ይፈካል።»

ካርቶኑን በሳች። ወረቀቱን በጨለማ ዘርግታ፣ የፊቱን ብርሃን ጨምራ፣ የመጀመሪያው ኬሚካል ያለበት ሳህን ውስጥ ልትነክረው ስትል በሩ ተከፈተ።

«ጠዋት የገባችሁ አልወጣችሁም፤ ኧረ ምሳ ብሉ!» አለች ዘይነባ፣ ሳህን ይዛ።

የቀን ብርሃን ሙሉውን ክፍል ሞላው። ማርታ የተበላሸውን ወረቀት ይዛ ቆመች። ዮሴፍ ሳቀ።

«ምን አጠፋሁ?» አለች ዘይነባ ደንግጣ።

«ምንም አይደል እትዬ ዘይነባ» አለች ማርታ። «ይግቡና አብረውን ይቀመጡ። በሩን የሚከፍትብን ሌላ ሰው የለም።»

ዘይነባ የተገለበጠ ባልዲ ላይ ተቀመጠች፤ በሩ ተዘጋ። ማርታ እንደገና ጀመረች። ብርሃኑ በካርቶኑ ቀዳዳ ወረቀቱ ላይ ጥቂት ቆየና ጠፋ። ከዚያ የውሃ ድምፅ ብቻ ነበር። የመጀመሪያው መታጠብ ሲያልቅ፣ ከዚህ በኋላ ብርሃን ስለሚያስፈልገው፣ ማርታ አምፖሉን አበራችና ወረቀቱን ብርሃን አስመታችው፤ ቀጥላም የቀለሙ ኬሚካል ውስጥ ከተተችው።

«ጥቁር ነው» አለች ዘይነባ አጎንብሳ።

«ገና ነው። መጨረሻው ሳህን ጥቁሩን ያነሳዋል።»

መጨረሻው ሳህን ውስጥ ጥቁሩ መልቀቅ ጀመረ። መጀመሪያ ሰማዩ ታየ፤ ቀጥሎ የማሽላው ራስ ቀላ። ከዚያ ሰማያዊ ኮት ወጣ፤ ክርኑ ላይ ብርቱካንማ ጨርቅ ተጥፎበታል።

«ኮቱ የሱ ነው!» አለች ዘይነባ። «ይህን እኔ ነኝ የጣፍኩት። ከመጋረጃ የተረፈ ጨርቅ ነው።»

ፊቱ የመጣው በመጨረሻ ነው። ወጣት ሰው ነው፤ አፉን ከፍቶ ይስቃል። ዘይነባ ብዙ አየችው።

«ይኼ አብዱልሐሊም አይደለም» አለች። «ይኼ ዓሪፍ ነው። አብሮት ይሠራ የነበረው፣ ኋላ ሐራ ከተማ የገባው።»

ዮሴፍ አጥርቶ ስለማያይ ማርታን «ማን ነው የምትል?» ብሎ ጠየቃት። ነገረችው። «አርባ ዓመት አብዱልሐሊም ነው እያልኩ ኖርኩ» አለ። ማርታ ፎቶውን በውሃ ማለቅለቅ ቀጠለች።

ዘይነባ አላለቀሰችም። ፎቶው እስኪደርቅ ጠበቀችና ማርታን «ዓሪፍ በሕይወት አለ ይላሉ። ውሰጂኝ» አለቻት።

በሳምንቱ በሚኒባስ ወልዲያ ወጡ፤ ከዚያ ወደ ሐራ ወረዱ። ዓሪፍን ሱቁ ደጃፍ ተቀምጦ አገኙት። ሸምግሏል፤ በምርኩዝ ነው የሚነሳው።

«አሰላሙ ዐለይኩም» አለች። «የአብዱልሐሊም ሚስት ነኝ፤ ዘይነባ።»

«ወዐለይኩሙ ሰላም! አላህ ይማረው፣ ሞቱን ዘግይቼ ነው የሰማሁ» አለና ብድግ ለማለት ሞከረ። ፎቶውን ስትሰጠው መነጽሩን አጥልቆ ወደ ብርሃን ዞረ። «እኔ ነኝ? እኔ እኮ ነኝ!»

«ኮቱ ግን የሱ ነው።»

«የሱ ነው። ያን ቀን እሱን ነበር የጠሩት። ካሜራ እንደማይወድ ታውቂ የለ? ‹አንተ ቁምልኝ› አለኝ። የኔ ሸሚዝ ተቀዶ ነበርና ኮቱን አውልቆ አለበሰኝ።»

«እሱስ የት ነበር?»

«ከካሜራው ኋላ፤ ከፎቶ አንሺው ጎን። ያሳቀኝ እሱ ነው እኮ።»

ዘይነባ አጠገቡ ተቀመጠች። «ምን ብሎ ነው ያሳቀዎት?»

«‹ተንጠራራ እንጂ፣ ማሽላው በለጠህ! ሪፖርቱ ላይ አንተን አጭር ዝርያ ብለው ይጽፉሃል› አለኝ።»

ዘይነባ ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋ ሳቀች። ሳቋ ቆየ፤ ዓይኗን ጠረገችና «እንዲህ ይቀልድ ነበር? ቤት ውስጥ ዝምተኛ ነበር» አለች።

«እሱ ዝምተኛ? እስቲ ልንገርሽ» አለ ዓሪፍ።

ወሬው ረዘመ። ማርታ አንዳንዱን ሰማች፤ የቀረውን ለሁለቱ ትታ ገበያውን ዞር ዞር ብላ ተመለሰች። ሲነሱ ዘይነባ ፎቶውን ለዓሪፍ ተወችለት። እሱም የወጣትነት ፎቶ አልነበረውም።

ማርታ በቀረው ኬሚካል ሌላ አተመች። ኬሚካሉ ደክሞ ስለነበር ቀለሙ ትንሽ ፈዘዘ፤ ዘይነባ ግን ግድ አልሰጣትም፤ ግድግዳዋ ላይ ሰቀለችው። በዒድ ዓሪፍ ከልጁ ጋር መርሳ መጣ። ዮሴፍም ተጠርቶ ነበር። ሦስቱ አዛውንቶች ስለ ሲሪንቃ እስኪመሽ ሲያወሩ ዋሉ፤ በብዙ ነገር አልተስማሙም።